ከሕብስት ፎቶግራፍ ሥር

ዙሪክ፣ ዜባህ
ኅዳር 18 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ጨጓራህስ ተሻለህ? ያ ጄኔቫ ሰርቬት ያለው ቤትህ ማሞቂያው ተሠራልህ ወይስ ዛሬም ካፖርት ደርበህ ነው የምትተኛው? እኛ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነን። እኔን የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ጉልበትሽ ሳይሆን የተሸከመው ነገር ነው የበዛው ብሎ አሹፎብኛል። ሕብስት አድጋለች። ጫማ አይበረክትላትም፤ ገና ሳያልቅ ይጠባታል። ጭጋጉ ከወረደ ወዲህ ፀሐይን በስሟ ነው የምናውቃት። ጾሙንም ይዘናል፤ ሽንብራና ምስር ቪዲኮን ካለው የቱርኮች ሱቅ ይገኛል።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። ምንትዋብ ለኅዳር ጽዮን ጸሎት ጄኔቫ ስለምትመጣ በእጇ ትሰጥሃለች። ምንትዋብን ታውቃታለህ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባው። አንብበህ ስታበቃ ቅደደው። ሳትቀደው ቀርተህ ሌላ ሰው ካነበበውም ያንብበው፤ እህቱ ጮኸችበት ይበል። እህት ልትጮህ አይደል የተፈጠረችው?

በጽሕፈቴ እንዳትስቅ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ብሆንም አንተን ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። መምህር አስፋው ትዝ ይሉሃል? የአገርህን ስም ጻፍ ባሉህ ቁጥር በሳድሱ በጵ ፈንታ ሣልሱን ጲ ታስቀምጥ ነበር። ጆሮህን ይዘው «ሳድስ! ሳድስ አልኩህ!» እያሉ ሲጎትቱህ፣ አንተ እያለቀስክ «አፌ እንደሚለው ነው የጻፍኩት» ትላቸዋለህ። ወንድማችን ሽፈራው፣ ነፍሱን በገነት ያኑራትና፣ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ይተዉት መምህር፤ አገራችን እሷ እንደሆነች ታውቃለች» ብሎ እሱም አብሮህ ተገረፈ። ሁለታችሁም ጆሯችሁ ቀልቶ ቤት ስትገቡ እናታችን በሳቅ ፈርሳ ምሳ ማቅረብ አቅቷት ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የምሠራበትን ታውቃለህ፤ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። ከተጧሪዎቹ የአንዷ ልጅ ፎቶ አንሺ ናት፤ ፍራው ብሩነር ትባላለች። ረጅም፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ካሜራዋን እንደ መስቀል ከአንገቷ የማታወልቅ። ፈረንጆቹ ይህን ዓመት የሕፃናት ዓመት ብለውት የለ? እሷም እዚህ አገር የሚኖሩ የውጭ ሰዎችን ልጆች እየዞረች ስታነሣ ነው የከረመችው። ፎቶዎቹ ትልልቅ ሆነው ጄኔቫ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የልጁ ስምና አገሩ በካርድ ይጻፋል። አንድ ቀን ሕብስት ከትምህርት ቤት መጥታ፣ የታጠፈ አንሶላ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ስትጽፍ አየቻትና «ይህችን ልጅ ስጪኝ» አለችኝ። ስጪኝ ስትል ደነገጥኩ። ለፎቶ መሆኑ በኋላ ነው የገባኝ።

እሺ አልኳት። ግን ተጣላን። እሷ የፈለገችው ፊቷን ብቻ፣ ያውም ጸጉሯ ሳይሠራ፣ በቤት ሹራቧ፣ ከአንሶላው ክምር ፊት ለፊት። እንዳለች ትነሣ አለች። እኔም ወገቤን ይዤ፣ ፍራው ብሩነር፣ እኛ አገር ከደረቱ ላይ ተቆርጦ የሚነሣው መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ነው፤ አለዚያም ሞቶ ፎቶው የሚጎላለት ነው፤ ይህች ልጅ ግን ሙሉ ሰው ናት፤ እግሯ ይታይ፤ ጫማዋ ይታይ አልኳት። ጫማው ምን ያደርጋል ብትለኝ፣ የሚያያት ሰው ባዶ እግሯን ናት ብሎ እንዳያስብ ነው አልኳት። ማንም እንደዚያ አያስብም አለች። ያስባል እንጂ፤ እናንተ የኛን ልጆች ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ የምታስቡት እሱን አይደለም ወይ? ብላት ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ እውነት ሲነገራት ትቀላለች እንጂ አትከራከርም።

እሑድ ሕብስትን ሹሩባ ሠራኋት። ምንትዋብ የቀሚሷን ጠርዝ ፈትታ አስረዘመችላት። ሕብስት ደግሞ ያን ጀርባው ላይ የላም ቆዳ ከነጸጉሩ ያለበትን የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ እዚህ ቴክ የሚሉትን፣ ካልያዝኩ አልነሣም አለች። በሐበሻ ቀሚስ ላይ የላም ቆዳ! ምንትዋብ «ልጅቷ ዘማች ናት እንዴ?» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ይሁንላት አልን።

ወንበር ደግፋ ቆመች። ፍራው ብሩነር ልትጫን ስትል ሕብስት ጉንጯን ነፋ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። ቆይታ ልትጫን ስትል አሁንም ያዘች። ሴትዮዋ «አትመን! አትመን!» እያለች ትለምናት ጀመር። በጀርመንኛ ተንፍሺ ማለቷ ነው። ሕብስት ቋንቋውን ከእኔ በበለጠ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ተንኮለኛ ናትና ወደ እኔ ዞራ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እቴቴ፣ ምነው አትመን ትለኛለች? እኔ ወንድ ነኝ? አትመኚ አይባልም?» እዚያው ፍርስ አልኩ። ማን እንዳይታመን ነው እንዲህ የምትለፋው እያልኩ።

ሳቄ ካለፈ በኋላ ለምን ትንፋሽ እንደያዘች ጠየቅኋት። ወደዚህ ልትመጣ ስትል አባቷ ፒያሳ ፎቶ ቤት ወስዷት «ትንፋሽሽን ያዢ፣ ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ» ብሏት ነበር አሉ። እሱ ያስያዛትን ትንፋሽ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። ፍራው ብሩነር ይህን ስነግራት ካሜራዋን አወረደች። ከዚያ እንደያዘችው አነሣቻት። የተሰቀለውም እሱ ነው፤ ከሹሩባዋ እስከ ጫማዋ፣ ሳትስቅ፣ ቴኳን አዝላ፣ ትንፋሿን ይዛ።

ያን የፒያሳውን ፎቶ አንተም ታውቀዋለህ፤ ፓስፖርቷ ላይ የነበረው ነው። ዓይኗን ልትታከም ብሎ አባቷ ወደ እኔ የላካት በዚያ ፓስፖርት ነው። እናቷን በወሊድ አጥታለች፤ አባቷን ደግሞ እዚህ እያለች በዓመቱ ገደሉባት። ፓስፖርቱ ጊዜው ሲያልፍ ጄኔቫ፣ እናንተ ቆንስላ ቢሮ ይዤ መጣሁ። የማን ልጅ ናት ተባልኩ። ስሙን ነገርኳቸው። ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበትና ይኸው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ያን ቀን አንተ ስብሰባ ላይ ነበርክ። አልወቅስህም። ማለቴ እወቅስሃለሁ፤ ግን ዛሬ አይደለም። ያን ጊዜ ነው የዚህ አገር ሰዎች የስደተኛ ደብተር የሰጧት።

ፍራው ብሩነር ለካርዱ ብላ ከየት ነሽ ስትላት ሕብስት «ከዜባህ» አለቻት። አይ፣ አገርሽን ነው ብትላት «አገሬማ ኢትዮጵያ ነው፤ ዜባህ ትራሙ የሚያልቅበት ነው» አለቻት። አላስጠናኋትም። እመቤቴን ምስክር አድርጌ እነግርሃለሁ፣ አላስጠናኋትም።

ካርዱ ታተመ፤ ሕብስት፣ ኢትዮጵያ። አዳራሹ ሊከፈት ሲል ግን ፍራው ብሩነር ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አይደለም። ከእናንተ ቢሮ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ ይህች ልጅ ኢትዮጵያን አትወክልም፣ ወይ ስሙ ይነሣ ወይ እኛ ከዝግጅቱ እንወጣለን፣ የኢትዮጵያ ሕፃናት ፎቶ ካስፈለገ ከአገር ቤት እናስመጣለን ብለዋል አለችኝ። ማን ነው የተናገረው አልኳት። አንዱ መነጽር ያለው፣ ሲናገር ጣቱን የሚያወናጭፍ ነው አለች። ሌላውስ? ሌላው ቀጭን ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ፎቶውን ብቻ ሲያይ ቆየ አለችኝ።

ስሙን አልጠየቅኋትም።

ሕብስትን ይዤ በባቡር መጣሁ። ከአለቃዬ ፈቃድ ስጠይቅ ዘመድ ታሞብሽ ነው አለችኝ፤ አዎ፣ አገር ታሞብኝ ነው አልኳት። አዳራሹ ከኮርናቫን ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ገብተን አየን። ከጣልያኑ ልጅ ሥር ኢጣልያ ይላል፤ ከቱርኩ ሥር ቱርክ፤ ከሃንጋሪው ሥር ሃንጋሪ። ከእኛዋ ሥር ሕብስት ይልና ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ሕብስት ካርዱን በጣቷ ዳሰሰችው። እቴቴ፣ የኔ አላለቀም እንዴ? አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አንተ ትመልስላት ይሆን?

የአዳራሹ ኃላፊ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ ትሑት ሰው ነው። ባዶ ከሚሆን ስደተኛ ብለን እንጻፍበት አለ። ፍራው ብሩነር ታስተረጉምልኛለች። ስደተኛ አገር ነው እንዴ? ዋና ከተማው ማን ይባላል? በይልኝ አልኳት። አለችልኝ። ሳቅ ያለ መስሎ ክራቫቱን አስተካከለ። እንግዲያው ባዶውን ይቆይ፤ ካርዱን መናገር ከከለከላችሁት እኔ እናገርለታለሁ አልኩና ነጠላዬን አጣፍቼ ከፎቶው አጠገብ ቆምኩ። ሰው እየመጣ አየት ያደርጋል፤ ካርዱን ያያል፤ እኔን ያያል። እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ አንድ ቃል ግን በቃኝ። «ኢትዮፒ» እላለሁ ወደ ልጅቷ እያመለከትኩ። አንዲት አሮጊት ሁለት ጊዜ ተመልሳ መጥታ አስደገመችኝ፤ ጆሮዋ ስለማይሰማ ጮክ ብዬ ነገርኳት። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። እሰየው! ጉልበቴ እንደ እሳት ይለበልበኛል፤ ወንበር ሲያመጡልኝ ካርድ አይቀመጥም ብዬ መለስኩት።

የእናንተ ሰዎች ሲገቡ አየኋቸው። ባለመነጽሩ ጓድ ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ወይዘሮ፣ እዚህ ቆመው ምን ያደርጋሉ? አለኝ። ካርድ ሆኛለሁ ጌታዬ፤ የወረቀቱ አፉ ስለተዘጋ አልኩት። ፈረንጆቹ ፊት ፈገግ እንዳለ፣ በጥርሱ መሐል፣ ይህች የፀረ አብዮተኛ ልጅ ናት፤ ኢትዮጵያ የምትላት ልጅ አይደለችም አለኝ። ፈራሁ አልልህም። ማለቴ ፈርቻለሁ፤ ግን ቁጣዬ ቀደመኝ። አባቷን የት ነው የገደላችሁት? አልኩት። እዚህ ነው? ዙሪክ ነው? ገዛ አገሩ ላይ፣ ገዛ በሩ ላይ አይደለም? ለመገደል ሲሆን ኢትዮጵያዊ፣ ልጁ ፎቶ ለመነሣት ስትሆን ባዕድ? እንዴት ነው ሒሳቡ? አልኩት። ድምፅዎን ይቀንሱ አለኝ። እኔ የሽማግሌዎች ቤት ነው የምሠራው፤ ቀንሼ መናገር ረስቻለሁ አልኩት። ጣቱን ሊያወናጭፍ አነሣና ሰው ሲያየው መልሶ ኪሱ ከተተው።

አንተም ነበርክ። ከኋላው፣ ኮፍያህ በእጅህ። ከስተሃል።

ስምህን አልጠራሁም። አንተም አልጠራኸኝም። እንደማያውቅ ሰው አየኸኝ፤ እኔም እንደማላውቅ ሰው አየሁህ፤ ጎበዞች ነን። ፎቶዋን ስታይ ግን ጉንጭህ እንደ እሷ ነፋ አለ፤ ትንፋሽህን የያዝክ መሰለኝ። ሕብስት ነጠላዬን ሳበችና «እቴቴ፣ ያ ሰውዬ አባዬን ይመስላል» አለችኝ። ብዙ ሰው ይመስለዋል አልኳት። እስክትወጡ ድረስ ዓይኗን ካንተ ላይ አልነቀለችም።

ሲመሽ በባቡር ተመለስን። መንገዱን ሁሉ እሷ ተኛች፤ እኔ በሆዴ ስሰድብህ ነበር። የሰደብኩህን ብጽፈው ወረቀቱ አይበቃም። የገዛ ወንድሙን ልጅ ሲክዷት አጠገቧ ቆሞ ዝም ያለ፣ የእናቴን ጡት የጠባ አይደለም አልኩ። ይቅር ይበለኝ፤ ግን ብያለሁ፤ ያልኩትን አልደብቅም።

ባለፈው ሳምንት ፍራው ብሩነር ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጣች። ተመልሰሽ ጄኔቫ ሄደሽ ነበር? አለችኝ። ኧረ የት ሄጄ፤ ጉልበቴ ገና ያን ቀን ከቆምኩበት አልተመለሰም አልኳት። አዳራሹ ውስጥ ካርዱ ተቀይሯል፤ ማን እንደቀየረው ዘበኛውም አላየም፤ የተጻፈው በናንተ ፊደል ስለሆነ ማንም ማንበብ አልቻለም፤ እስኪ አንብቢልኝ ብላ ፎቶ ያነሣችውን ሰጠችኝ።

በእጅ የተጻፈ ነው። በሰማያዊ ቀለም። ሕብስት ሽፈራው ከተማ ይላል። እኔ የአባታችንን ስም ለፍራው ብሩነር አልነገርኳት፤ ለአዳራሹ ሰዎችም፣ ለመንደሩ ጽሕፈት ቤትም አልነገርኩም፤ እዚህ አገር አያት የሚጠይቅ የለም። የዚያ የተገደለው ወንድማችን ስም፣ ከነአባቱ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በዚያ አዳራሽ! ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ፦

ኢትዮጲያ።

በጲ። ከነእግሩ፣ ከነቅጥያው፣ በሣልሱ።

የታጠበው ልብስ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። አለቃዬ ሮጣ መጥታ መርዶ ነው? አለችኝ። የምሥራች ነው አልኳት፤ ሳሙናውን ጨምሪው፣ ዛሬ እጥባለሁ! ፍራው ብሩነር ትክክል ነው የተጻፈው? ካልሆነ አሁኑኑ ይታረም ትለኛለች። እኔ ግን የሽፈራው ቃል ነው የመጣልኝ። ይተዉት፤ እሷ እንደሆነች ታውቃለች አልኳት። በማያነቡት ፊደል የተጻፈውን ደግሞ የአዳራሹ ሰዎች ምን ብለው ያነሡታል? እስከ ዛሬ እዚያው አለ ብላኛለች።

ማን እንደጻፈው አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። ይህን ፊደል የሚሳሳተው ሺ ሰው ነው።

ግን የእናንተ ሰዎች ፊደል ያነባሉ። አንድ ቀን ባለመነጽሩ ያነበዋል። ማን ጻፈው ብሎ ቢሮውን ካመሰው፣ አንተ ቀድመህ፣ ያቺ ነጠላ ለባሿ ሴትዮ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ያቆመች መሃይም፣ የአገሯን ስም እንኳ መጻፍ የማትችል በላቸው። ሳቅብኝ። በደንብ አድርገህ ሳቅብኝ። ሊጠይቁኝ ከመጡም እኔ ነኝ እላለሁ፤ ጻፊ ካሉኝ በጲ እጽፍላቸዋለሁ። ሌሊት ተነሥተሽ ጻፊው ቢሉኝ በጲ ነው የምጽፈው፤ እጄ ለምዶታል።

እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው። አንተ እዚያ ቢሮ ውስጥ ትንፋሽህን ይዘህ እስከ መቼ ትቀመጣለህ? ሰው ሲይዝ ይቆያል እንጂ አይኖርም። የዜባህ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ እኔና ሕብስት አንዱ ይበቃናል። ከዋናው ጣቢያ ትራሙን ያዝ፣ እስኪያልቅ አትውረድ። ስትመጣ ኮፍያህን በእጅህ አትያዝ፤ ሻንጣህን ያዝ። ፓስፖርት ባይኖርህ ችግር የለም፤ ሕብስትም በስደተኛ ደብተሯ ነው የምትኖረው፤ ይለመዳል። ገናን ሦስት ሆነን ብንውል ዶሮው ለሦስት ይበቃል።

ሕብስትን አጎት እንዳለሽ ታውቂያለሽ አልኳት። የት እንዳለ አልነገርኳትም። ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልሽ? ብላት ቴኳን እያወለቀች ትንሽ አሰበችና «አትመን በይልኝ» አለች። በየትኛው ቋንቋ ነው አልኳት። በሁለቱም ነው አለችኝ።

በል እንግዲህ። ድንግል ማርያም ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጆሮ ትሰውርህ። ከጨጓራህ ጋር ያስታርቅህ። የወንድማችንን ነፍስ ከጻድቃን ጎን ያኑርልን፤ ልጁንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። አምላክ አንተን ይጠብቅልኝ፤ ኢትዮጲያንም ይጠብቃት።

ፊደል ያስቆጠረችህ፣
እትዬህ